ክርክር፦ ሞለኪውላር ባዮሎጂ በክረምቱ ማስተርስ ግዴታ ሆኖ ይቀጥል?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የተነሳውን ሐሳብ ለብቻው አውጥተነዋል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ በክረምት ለሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህራን ከሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት ሞለኪውላር ባዮሎጂ (ሕይወትን በዲኤንኤና በመሰል ሞለኪውሎች ደረጃ የሚያጠናው) ከግዴታ ወጥቶ በምርጫ ይሁን፤ በምትኩ ባዮስታቲስቲክስ (ለባዮሎጂ ዳታ የሚሆን ስታቲስቲክስ) እና የመስክ ሥነ ምህዳር ይጠናከሩ። የየትኛውንም ዩኒቨርሲቲ ስም እየጠራን አንውቀስ፤ ስለ ኮርሱ ብቻ እንነጋገር።

የዕፅዋት ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
እኔ ከግዴታ ይውጣ ባይ ነኝ። ሒሳቡን እንሥራው። ሦስት ክሬዲት ያለው ኮርስ ሁለቱ ሌክቸር፣ አንዱ ላብ (የቤተ ሙከራ ሥራ) ከሆነ በመደበኛው 16 ሳምንት 32 ሰዓት ሌክቸርና 48 ሰዓት ላብ ይወጣዋል፤ ድምሩ 80 ሰዓት። ክረምቱን ስምንት ሳምንት ብንለው ለአንድ ኮርስ በሳምንት 10 ሰዓት ነው። ተማሪው አራት ኮርስ ከያዘ 40 ሰዓት ክፍልና ላብ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ንባቡ፣ ሴሚናሩና ፈተናው ገና አልተቆጠረም። ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ላቡ ነው። 48ቱ ሰዓት ወደ ሁለት ከሰዓት በኋላ ማሳያ ይወርዳል፤ ቴክኒሻኑ ይሠራል፣ ሠላሳ ሰው ከኋላ ቆሞ ያያል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን ሙሉ ሦስት ክሬዲት ይጻፋል። ላልተሠራ ሥራ ክሬዲት ከመስጠት ኮርሱን አውጥቶ ጊዜውን በትክክል ለሚሠራ ነገር ማዋል ይሻላል።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ አዴት፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ በዚህ አልስማማም። እዚሁ አገራችን ያለውን ችግር እንይ። አዊ ውስጥ ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለውን ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ዛፍ ዋግ መሰል በሽታ ጎድቶታል። የዋግ ፈንገስ ከሕያው ተክል ውጭ አያድግም፤ በፔትሪ ሳህን ላይ አጋር (ሻጋታ የሚበቅልበት ጄል) አፍስሰህ ብትጠብቀው የሚበቅልልህ ሌላ ሻጋታ ነው፣ እሱንም በሽታ አምጪው ነው ብለህ ትጽፈዋለህ። ይህ ስሕተት በቴሲስ ላይ ደጋግሞ ይታያል። መንገዱ ስፖሩን ከቅጠሉ በጥንቃቄ ጠርጎ ዲኤንኤ ማውጣት፣ ፈንገስን ለመለየት የሚያገለግለውን አይቲኤስ የሚባል የዲኤንኤ ክፍል ማባዛትና ቅደም ተከተሉን ማስነበብ ነው። ይህን የማያውቅ የባዮሎጂ ማስተርስ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲጠይቀው ምን ሊመልስ ነው?

ሁሉ ነገር ፒሲአር (ይህ ዲኤንኤ የማባዛት ዘዴ) ይፈልጋል እያልኩ አይደለም። የስንዴ ግንድ ዋግ ፈንገስ ዘር (ሬስ) የሚለየው እስካሁንም ለመለያ በተመረጡ 20 የስንዴ ዝርያዎች ላይ ስፖር ተረጭቶ በ14ኛው ቀን ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ በዓይን በማንበብ ነው። ግን የትኛው ጥያቄ በየትኛው ዘዴ እንደሚመለስ ለመምረጥም ሁለቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የላብ ቴክኒሻን፣ ደብረ ማርቆስ፦
ለሠላሳ ተማሪ ፒሲአር አይቻልም የሚባለው ልክ አይደለም። በሁለት ከሰዓት በኋላ ግን አይቻልም። ሦስት ተከታታይ ቀን ይሰጥ፣ ተማሪው ሦስት ሦስት ሆኖ በአሥር ቡድን ይከፈል።

የመጀመሪያው ቀን ዲኤንኤ ማውጣት ነው። ቅጠሉ ቀደም ብሎ በሲሊካ ጄል ይድረቅ። 20 ሚሊ ግራም ያህል ፈጭቶ በ2 በመቶ ሲቲኤቢ (ሕዋሱን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል) 65 ዲግሪ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ማቆየት፤ ከዚያ ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል 24 ለ1 ጨምሮ ማሽከርከር። ብዙው ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ አሟጦ ለመውሰድ ሲል በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ያለውን ነጭ ሽፋን በፒፔት ይስባል፤ ፕሮቲኑ አብሮ ይገባና በማግስቱ ፒሲአሩ ባዶ ይወጣል። ከላይኛው ፈሳሽ ሩብ ያህሉ እዚያው ቢቀር ምንም አይጎዳም። ቀጥሎ በቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል ማዝቀጥ፣ በ70 በመቶ ኤታኖል ማጠብ፣ ኤታኖሉ ተኖ እስኪያልቅ ማድረቅ። ዝቃጩ ቡናማ ከሆነ ፖሊፌኖል (የዕፅዋት ቆሻሻ ውህድ) አለበት፤ ይህን የሚይዘው ፒቪፒ ሲቲኤቢው ላይ ከመጀመሪያው መጨመር ነበረበት። ክሎሮፎርም ያለ ጭስ መሳቢያ አይነካም፤ መሳቢያው የማይሠራ ከሆነ የዚያ ቀን ሥራ ይቅር።

ሁለተኛው ቀን ፒሲአር። ለአንድ ቲዩብ 25 ማይክሮ ሊትር ነው፦ 12.5 ማስተር ሚክስ (ኢንዛይሙና ሌላው ሁሉ የተቀላቀለበት)፣ 10 ማይክሮ ሞላር ከሆኑት ሁለት ፕራይመሮች (ማባዛቱ የሚጀምርባቸው አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ከእያንዳንዱ 1፣ 2 ዲኤንኤ፣ 8.5 ውኃ። 95 ዲግሪ ላይ 3 ደቂቃ፤ ከዚያ 35 ዙር 95 ላይ 30 ሰከንድ፣ 55 ላይ 30 ሰከንድ፣ 72 ላይ 1 ደቂቃ፤ በመጨረሻ 72 ላይ 5 ደቂቃ። ማሽኑ ለመሞቅና ለመቀዝቀዝ የሚወስደው ሲጨመር ሁለት ሰዓት ገደማ ይሆናል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል ይባላል። ብዙዎቹ እውነትም ይቀጥላሉ፤ ቲዩቡ ቀዝቅዞ በቆየበት ጊዜ ግን ፕራይመሩ ያለቦታው ይጣበቃል፣ ኢንዛይሙም ቀስ እያለ ያንኑ ያባዛል። በማግስቱ ጄሉ (የተባዛው ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ በመጠኑ የሚለይበት) ላይ ጥርት ያለ መስመር ሳይሆን የተዝረከረከ ጥላ የሚታየው ከዚህ ነው። ለማሽኑ ብቻ የሚሆን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይህን ይፈታል።

ሦስተኛው ቀን 1.5 በመቶ አጋሮዝ ጄል፣ 100 ቮልት፣ 45 ደቂቃ። ዲኤንኤ ያልገባበት መቆጣጠሪያ ቲዩብ መስመር ካሳየ የቡድኑ ውጤት በሙሉ ውድቅ ነው። ተማሪው ይህን ራሱ መወሰን ሲችል ኮርሱ ተሰጠ እላለሁ።

ስለ ወጪው ደግሞ፦ አሥር ቡድን፣ እያንዳንዱ ሁለት ናሙናና አንድ መቆጣጠሪያ ቢሠራ 30 ቲዩብ ነው። 375 ማይክሮ ሊትር ማስተር ሚክስ፣ ለብክነት አሥር በመቶ ቢታከል 413 ያህል። 1.25 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብልቃጥ ለሦስት ክፍል ይበቃል። ስለዚህ ችግሩን የሪኤጀንት ዋጋ ላይ ብቻ ባንጥለው ጥሩ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ቡሬ፦
በክረምት ከሚማሩት አንዷ ነኝ። ወንድሜ የዘረዘርከው ደስ ይላል፤ ግን እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ቴርሞሳይክለር (የፒሲአር ማሽን) የለም። ማይክሮስኮፕ አለ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ አለ፣ አጠገቡ ወንዝ አለ። ለተማሪዎቼ የሚጠቅማቸው ዝርያ መለየትና ናሙና አወሳሰድ ነው።

የዕፅዋት ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
እህቴ ያለችው ነው የእኔም ነጥብ።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ አዴት፦
በክረምት? ዕፅዋት በክረምት እንዴት ነው የሚለዩት? የመለያ ቁልፉ የሚጠይቀው አበባና ፍሬ ነው። አደይ እንኳ የሚፈነዳው መስከረም ነው፤ ተማሪው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሄዷል። ጮቄ ላይ በሐምሌ ጉሙ ሳይገለጥ ቀኑ ይመሻል። የተሰበሰበው ናሙናም በርጥበቱ ይሻግታል፤ በየቀኑ ጋዜጣ እየተቀየረለት፣ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ የሚሞቅ ማድረቂያ ሳጥን ውስጥ ካልገባ ቅጠሉ ጠቁሮ ይረግፋል። ላብ በጊዜ እጥረት ማሳያ ሆነ ካልን መስኩም በዝናብ ምክንያት የፎቶ ትምህርት ይሆናል።

የዕፅዋት ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
ስለ አበባው እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። ግን መስክ ማለት አበባ ብቻ አይደለም። የጣና ባርበስ ዓሦች ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡት በክረምቱና ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ወራት ነው፤ ግልገል አባይ ቅርባችን ነው። ዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች አሉበት። የእንቁላሉን ክብደት ለዓሣው ክብደት አካፍሎ በ100 ማባዛት፣ የመራቢያ ደረጃውን በዓይን መመዘን፣ የዝርያውን አፍ ቅርጽ መለካት፤ ለዚህ ሚዛንና ካሊፐር ይበቃል። ለክረምት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ቡሬ፦
ዓሣው ሊራባ ሲወጣ ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋትማ ራሱ ጥፋት ነው። ለዓሣው መመናመን የሚነሳው አንዱ ምክንያት ይኼ አይደለም እንዴ? ክፍል ሙሉ ተማሪ በየዓመቱ ይህን ከሠራ ምን እያስተማርን ነው?

የዕፅዋት ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
መረብ አንዘረጋም። ዓሣ አስጋሪዎች ወደብ ላይ ካወረዱት ላይ ነው የሚለካው። ይህ በኮርሱ መመሪያ ላይ በጽሑፍ መግባት አለበት፤ በዚህ ልክ ነሽ።

የባዮስታቲስቲክስ መምህር፣ እንጅባራ፦
ሁለታችሁም የምትስቱት አንድ ነገር አለ። መስክም ሆነ ላብ፣ ቴሲስ የሚወድቀው ናሙና አቆጣጠር ላይ ነው። አንድ ተማሪ አምስት የደብር ደኖችን ከአምስት የባሕር ዛፍ ቦታዎች ጋር ያወዳድራል እንበል። በእያንዳንዱ ስድስት ኳድራት (የናሙና መሬት ቁራጭ)፣ 20 በ20 ሜትር ይዘረጋል። ድምሩ 60 ኳድራት። ከዚያ ቲ ቴስት (የሁለት አማካዮችን ልዩነት መፈተኛ) ይሠራና ነጻነት ዲግሪው (ከናሙናው ብዛት የሚሰላው ቁጥር) 58 ነው ይላል። አይደለም። ደኑ እንጂ ኳድራቱ አይደለም ራሱን የቻለው ናሙና፤ በአንድ ደብር ግቢ ውስጥ ያሉ ስድስት ኳድራቶች አፈራቸው፣ አጥራቸው፣ ታሪካቸው አንድ ነው። አምስት በአምስት ነው፣ ነጻነት ዲግሪው 8። በ5 በመቶ ወሳኙ ቁጥር ከ2.00 ወደ 2.31 ከፍ ይላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መደበኛ ስሕተቱ ያለአግባብ ጠብቦ ይታይ የነበረው ይሰፋል። ትልቅ ልዩነት ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጠፋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ወይ የእያንዳንዱን ደን አማካይ ወስዶ በአሥሩ ቁጥር መሥራት፣ ወይ ደኑን እንደ ዘፈቀዳዊ ምክንያት የሚይዝ ሞዴል በአር (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) መሥራት ነው። አር ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ይህ ኮርስ ተማሪው ፕሮፖዛል ከመጻፉ በፊት፣ በመጀመሪያው ክረምት መሰጠት አለበት። ዳታ ከተሰበሰበ በኋላ የሚመጣ ስታቲስቲክስ የጎደለ ደን አይጨምርም።

የላብ ቴክኒሻን፣ ደብረ ማርቆስ፦
ይህንስ እቀበላለሁ። ላብ ይቀነስ ብላችሁ ማይክሮባዮሎጂ ይተካው የምትሉ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ አውቶክሌቭ (ዕቃና ሚዲያ በእንፋሎት የሚመከንበት) በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) 121 ዲግሪ ይደርሳል የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የውጭው ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ በ15 ፒኤስአይ ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ121 ዲግሪ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ያንን ካልተሸከመ ጊዜውን ማርዘም እንጂ ግፊቱን መጫን አይፈቀድም። በሙቀት ዳሳሽ የሚሠራ ከሆነ ችግር የለም። ሚዲያው (ረቂቅ ሕዋሳት የሚበቅሉበት ምግብ) በሦስተኛው ቀን ሲሻግት ተማሪው እጁን ይጠረጥራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስፖሩ መጀመሪያውኑ አልሞተም።

የሰብል ጥበቃ ባለሙያ፣ አዴት፦
እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሞለኪውላር ግዴታ ሆኖ ይቆይ፤ ሌክቸሩ ይቀነስና ላቡ ወንድማችን እንዳለው ሦስት ሙሉ ቀን ይሁን። ቀሪው ጊዜ በኮምፒውተር ይሠራ። የጤፍ ረቂቅ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ለሁሉም ክፍት ነው። ብላስት (የዲኤንኤ ቅደም ተከተልን ከታወቁት ጋር የሚያመሳክር ፕሮግራም) ላይ ቅደም ተከተል ማስገባት ክፍያ የለውም፤ ፋይሉን አስቀድሞ አውርዶ በፍላሽ ማደል ይቻላል።

የዕፅዋት ሳይንስ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
ሦስቱ ቀን በትክክል ከተሠሩ ተቃውሞዬ ግማሹ ይነሳል። ካልተሠሩ ግን ለተማሪው የላብ ክሬዲት አይሞላ፤ ያልተሠራው ተብሎ ይመዝገብ። በዚህ አልደራደርም።

የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ቡሬ፦
እኔ አሁንም በምርጫ ይሁን ነው የምለው። ቴሲሱን በዚያ ዘርፍ የሚሠራ ይውሰደው፤ ስታቲስቲክሱ ግን ለሁላችንም ግዴታ ይሁን።

የላብ ቴክኒሻን፣ ደብረ ማርቆስ፦
ግዴታም ሆነ ምርጫ፣ ስንት ሰው እንደሚወስደው እስከ ሚያዝያ ይነገረን። ፕራይመር ሐምሌ ላይ ከታዘዘ የሚደርሰው ተማሪው ከሄደ በኋላ ነው፤ የግዥ ጥያቄው ሚያዝያ ላይ መውጣት አለበት፣ ያውም የፕራይመሩ ቅደም ተከተል ከነፊደሉ ተጽፎ።