የመድኃኒት ማዘዣ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይግባ?

የተነሳው ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የመንግሥትም የግልም ሐኪሞች መድኃኒት በኮምፒውተር ብቻ ይዘዙ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

ፋርማሲስት (ጊዮርጊስ አካባቢ)፦
እኔ ይግባ ባይ ነኝ። የሐኪም ጽሑፍ ስፈታ ነው የምውለው። ሃይድራላዚን ለደም ግፊት ነው፣ ሃይድሮክሲዚን ለማሳከክ። ተቻኩለው ሲጽፏቸው አይለዩም። ደም እንዳይረጋ በሚሰጠው ዋርፋሪን ላይ ነጥቧ ከደበዘዘች 2.5 ሚሊ ግራም 25 ይሆናል። ይህ ሰው ይገድላል! ያላነበብኩትን አልሰጥም። ግን ከዘጌ በጀልባ የመጣን ሰው «ተመለስና ሐኪሙን ጠይቅ» ማለት ያማል።

ሐኪም፦
ልክ ነሽ እህቴ። ኮምፒውተሩም ግን ያሳስታል። ከዝርዝሩ ስትመርጪ አጠገቡ ያለውን መንካት አለ። ለትንሽ ለትልቁ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ደግሞ ሐኪሙ ሳያነብ ማለፍ ይለምዳል።

የሽምብጥ ነዋሪ፦
መብራት ሲጠፋስ? በ2015 ዓ.ም ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ረሳችሁት? እናቴ የግፊት መድኃኒቷን ከየት ታመጣ ነበር?

ፋርማሲስት፦
ወንድሜ፣ ስጋትህ እውነት ነው። ወረቀቱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤሌክትሮኒክ ማዘዣን ግዴታ ስታደርግ እንኳ መብራት ወይም ሲስተም ሲቋረጥ በወረቀት እንዲታዘዝ ፈቅዳለች።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የኮምፒውተር ማዘዣው ከሆስፒታሉ ፋርማሲ አልፎ ውጭ ያለ መድኃኒት ቤት ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው? መድኃኒቱ እዚያ ሲያልቅ «ውጭ ግዙ» ይባላል። ከዚያ እንደገና በወረቀት ይጻፋል፤ ያው የማይነበብ ጽሑፍ እኔ ጋ ይመጣል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 ስትጀምር ማዘዣውን በአገር አቀፍ የመረጃ ቋት ነው ያስቀመጠችው። በሽተኛው መታወቂያውን ይዞ የፈለገው መድኃኒት ቤት ይገባል። እኛም ፋይዳ አለን።

ሐኪም፦
የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስደውስ? እዚህ ከተማ እኮ ሰው ይተዋወቃል። ሁሉም መድኃኒት ቤት ከፍቶ ሊያየው ነው?

ፋርማሲስት፦
አይሆንም። በሽተኛው ራሱ መታወቂያውን ሲሰጥ ብቻ ይከፈት። ማን እንዳየውም ይመዝገብ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም ወጥቷል፤ አጥፊው ይጠየቅበት። ወረቀቱን ማን እንዳየው ግን ዛሬ ማን ያውቃል?

ሐኪም፦
እንዲያ ከሆነ ከስኳርና ከደም ግፊት ክትትል ይጀመር። በየቀጠሮው ያንኑ መድኃኒት ነው ደግመን የምንጽፈው። እዚያ ላይ ጊዜ ከቆጠበልን ሐኪሙ ራሱ ይፈልገዋል።