ዲዋሊን ያከበረ ልጅ ባህሉን ተማረ ይባላል?

የኩዊንሷ፦
እስቲ አንድ ክርክር ዳኙኝ። የኒውዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለዲዋሊ፣ ለህንዶች የመብራት በዓል፣ የተዘጉት ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ነው። ዋዜማው ደግሞ ሃሎዊን ነበር። የጎረቤቴ ልጅ 9 ዓመቱ ነው፣ ቤተሰቦቹ ከጉጃራት፣ ከምዕራብ ህንድ ናቸው። የስፓይደርማን ልብሱን ለብሶ ከረሜላ ሊሰበስብ ሲወጣ አያቱ በሩ ላይ የሸክላ መብራት እየደረደሩ ነበር። «ዛሬ ላክሽሚ ወደ ቤት የምትገባበት ማታ ነው፤ አንተ ወዴት ነው የምትወጣው?» አሉት። ላክሽሚ የሀብትና የበረከት አምላካቸው ናት። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዲዋሊ እኮ የህንድ ክሪስማስ ነው።» አያትየው እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ እናቱ ተረጎመችላቸው። ባትተረጉምላቸው ይሻል ነበር።

በማግስቱ ልጁ አንድ ሳህን ጣፋጭ ይዞልን መጣ። በቅቤ የተሠራ ነው፣ ቀኑ ደግሞ አርብ። እስከ ቅዳሜ አስቀመጥኩት። «ለምን አትበሉም?» እያለ ሲጠይቀኝ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እናት «በዓሉን ያክብር እንጂ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል» ትላለች። አያት «ይሄም መማር ሆኖ?» ይላሉ። እናንተስ?

ጥቁር ቡና፦
አያስተምርም። አራት ነጥብ።

የኩዊንሷ፦
እንዴ! ምክንያት የለውም?

ጥቁር ቡና፦
እሺ። ናቭራትሪ የሚሉት የዘጠኝ ሌሊት በዓል አላቸው። ጉጃራቶች ጋርባ የሚባለውን ጭፈራቸውን የሚጨፍሩት ያኔ ነው። መሃል ላይ በተበሳሳ ሸክላ ውስጥ መብራት ይቀመጣል፣ ወይም የአምላኳ ምስል ይሆናል። ሰው ክብ ሠርቶ ይዞረዋል። ዩኔስኮ በ2023 በቅርስነት መዝግቦታል። እዚህ ግን ሥራና ትምህርት አለ፤ ዘጠኙ ሌሊት ወደ ቅዳሜና እሁድ ይታጠፋል፣ አዳራሽ ይከራዩና በቲኬት ይሆናል። ታክሲ ስለምነዳ አንድ ማታ አራት ወጣቶች አደረስኩ። መንገዱን ሙሉ ወሬያቸው ቀሚስና ፎቶ ነው። «መሃሉ ላይ ምንድን ነው የሚቀመጠው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዲጄው» አሉኝ።

የሌስተሯ፦
ሃሃሃ፣ ዲጄው! እኛ ጋ፣ እንግሊዝ ሌስተር፣ ቤልግሬቭ ሮድ ላይ የዲዋሊ መብራት ሲበራ ሰዉ በአሥር ሺዎች ነው የሚመጣው። ኢዲ አሚን በ1972 ከኡጋንዳ ካባረራቸው ህንዶች ብዙዎቹ እዚህ ሰፍረው ነው ሰፈሩ እንዲህ የሆነው። ልጆቼ ርችቱን ይወዱታል። ምን ተማሩ ካላችሁኝ፣ የመኪና ማቆሚያ እንደማይገኝ።

ሊበርቲ አቬኑ፦
ጥቁር ቡና ቸኮልክ። የሥራ ባልደረባዬ ከካሪቢያኗ ደሴት ከትሪኒዳድ ናት፣ ኒውዮርክ ሪችመንድ ሂል ነው የምትኖረው። ቅድመ አያቶቿን እንግሊዞች በኮንትራት ለሸንኮራ አገዳ ሥራ ነው የወሰዷቸው። የመጀመሪያው መርከብ ትሪኒዳድ የደረሰው በ1845 ነው፤ የኮንትራት ጉልበቱ የቆመው በ1917። እሷ ህንድን አይታ አታውቅም። የአያቶቿን ቋንቋ፣ ቦጅፑሪን፣ አትናገርም፤ የቀራት የምግብና የዘመድ ስም ነው። የአባቷን እናት «አጂ» ትላለች፣ የእናቷን እናት «ናኒ»። በቃ። ዲዋሊ ግን አልጠፋም። ትሪኒዳድ ውስጥ ከ1966 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ነው።

ባለፈው ቤቷ ጠርታኝ ሄድኩ። ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብሎ ጀምሮ ሥጋ ወደ ቤቷ አይገባም። አገሯ ቢሆን ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ አጉብጠው፣ መብራቱን እላዩ ላይ ይደረድሩ ነበር። ሪችመንድ ሂል ቀርከሃ ከየት ይምጣ? ደረጃው ላይ ደረደሩት። የወንድሟ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ጥጡን በመዳፏ እያሸች ክር ትሠራለች፣ ሸክላው ላይ ታስቀምጣለች፣ ዘይት ትጨምራለች። እኔም ላግዝ ብዬ አንዱን ቶሎ ለኮስኩት። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። «ክሩ መጀመሪያ ዘይት ይጠጣ። ደረቁን ከለኮስሽው ራሱን ነው የሚያቃጥለው» አለችኝ። ማን ነገረሽ አልኳት። «አጂ።» አጂዋ የእኔ ባልደረባ እናት ናቸው፤ እሳቸውም ከአጂያቸው ነው የሰሙት።

ጥቁር ቡና፦
ጥሩ ነው፣ ግን የትሪኒዳዶቹን ባህል በዓል ብቻ አላቆየውም። ከሕዝቡ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ የህንድ ዘር ነው። መንደር አላቸው። በ1950ዎቹ የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች ከፍተዋል። ስቶክሆልም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን የሚያድግ ልጅ እና እነሱ አንድ ናቸው?

ሊበርቲ አቬኑ፦
ትምህርት ቤቶቹ የመጡት እኮ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ማን ያዘው?

ጥቁር ቡና፦
ፓንዲቱ ናቸዋ። ካህናቸው።

ሊበርቲ አቬኑ፦
ካህኑን ቤት ድረስ ምን ያስጠራቸዋል? ያው በዓሉና ጸሎቱ አይደል?

የክፍል ረዳት፦
እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጉዱን በቅርብ አየዋለሁ። ለዲዋሊ ልጆቹ ከወረቀት መብራት ቆርጠው ቀለም ቀቡ። አስተማሪዋ «ብርሃን ጨለማን ያሸነፈበት በዓል» አለች። የማን ብርሃን? የትኛው ጨለማ? ላክሽሚ የለችም፣ አምላካቸው ራማ የለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ አምልኮ የሚመስለው ነገር በር ላይ ይቀራል። በእንዲህ ዓይነቱ ትምህርት «የህንድ ክሪስማስ» ማለቱ ልጁ ላይ አይፈረድም።

በነገራችን ላይ፣ ሁለት ሐበሻ እናቶች «ልጄ ለጣዖት የቀረበ እንዳይበላ» ብለው ደውለውልኛል። ክፍል ውስጥ የተሰጠው የሱቅ ብስኩት ነው። ቤታቸው ጋብዘዋችሁ ከጸሎት በኋላ የሚታደለው ፕራሳድ ሌላ ነው፤ እሱን እንደየእምነታችሁ ወስኑ። ጠይቁ እንጂ፣ አይቆጡም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ መጀመሪያ የትኛውን ዲዋሊ ነው የምታወሩት? በሰሜን ራማ ከስደት ወደ አዮድያ የተመለሰበት ነው። በደቡብ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ክፉ የገደለበት ይሉታል። ቤንጋሎች ያን ማታ የሚሰግዱት ካሊ ለምትባለው አምላክ ነው። የጉጃራት ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን አስባርኮ በማግስቱ አዲስ ዓመት ይላል። ልጅ ከአያቱ ሲሰማ የቤቱን ታሪክ ይሰማል። ከአዳራሽ ሲሰማ የሁሉንም አማካይ ይሰማል፤ አማካይ ደግሞ ጣዕም የለውም።

በጃንሆይ ዘመን ብዙዎቻችንን ያስተማሩን ህንዶች ናቸው፤ የእኔ የሒሳብ መምህር ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ ነበሩ። ኬረላ ዲዋሊ እምብዛም ነው፣ ትልቁ በዓላቸው ኦናም ነው። ማሃባሊ የሚባል ደግ ንጉሥ በዓመት አንዴ ሕዝቡን ሊጎበኝ ይመጣል ይባላል። ለእሱ ደጃፍ ላይ አበባ በክብ ይነጠፋል፣ ምግብ በሙዝ ቅጠል ይቀርባል። እኒህ መምህሬ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሆኖም ያከብሩታል። «ይሄ የሂንዱ አይደለም እንዴ?» ብንላቸው «ንጉሡ የሁላችን ነበር» አሉን። ባህል ነው ሃይማኖት ነው የምትሉትን ኬረላዎች ሳይፈቱት አብረውት ይኖራሉ።

የሌስተሯ፦
መምህር፣ እድሜ ይስጥልን። አማካይ ጣዕም የለውም ያሉትን ወሰድኩት።

ጥቁር ቡና፦
መምህር ያሉት እኮ የእኔን ነው የሚደግፈው። ያስተማረው አያት ነው፣ በዓሉ አይደለም።

ሊበርቲ አቬኑ፦
አያት በዓል ባይኖር ልጁን መቼ ያገኙታል? በሌላው ቀን ታብሌቱ ላይ ነው። ልዩነቱ ሥራ ነው። ክር የምትሠራው ልጅ ታውቃለች፣ ተጋብዛ የምትበላዋ አታውቅም።

የኩዊንሷ፦
መጨረሻውን ልንገራችሁ። በ2025 ዲዋሊ ኦክቶበር 20 ዋለ፣ ሰኞ። አያትየው ልጁን ሥራ ሰጡት፦ ደጃፉን መጥረግ፣ በቀለም ዱቄት ራንጎሊ መሳል፣ መብራቱን ከንፋስ መጠበቅ። ራንጎሊው ጠመም ያለ የሎተስ አበባ ነበር፣ አንዱ ቅጠል ላይ የእሱ ጫማ አርፎበታል። ማታ ሳህኑን ይዞ መጣ። በሩን ስከፍት መጀመሪያ ያለኝ «ዛሬ ሰኞ ነው፤ ቅቤ ትበላላችሁ አይደል?» ነው።

ጥቁር ቡና፦
አየሽ! የተማረው የአንቺን ባህል ነው።