ከአያት ወደ ሳሪስ፦ ስታዲየም ላይ ባቡር መቀየር አስቸግሮኛል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ጠዋት ጠዋት ከአያት ተነስቼ ሳሪስ ሥራ እገባለሁ። በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መሄድ ብፈልግም መቀየሪያው ላይ እየተቸገርኩ ነው።

እስካሁን የገባኝ ይህ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከቃሊቲ የሚመጣው መስመር ስታዲየም ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ለገሃርን፣ ሜክሲኮንና ተግባረዕድን አልፈው እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይጓዛሉ። ሳሪስ ያለው በቃሊቲው መስመር ላይ ስለሆነ ከአያት የመጣ ሰው ስታዲየም ወርዶ ወደ ተቃራኒው መሳፈሪያ መሻገር አለበት። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ በዚያ መሳፈሪያ የአያቱም የቃሊቲውም ባቡር ይቆማል። አረንጓዴው የአያት፣ ሰማያዊው የቃሊቲ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሰው ሲበዛ ባቡሩ ሞልቶ ይደርስና በር ላይ ተገፍቶ መቅረት አለ።

ጥያቄዎቼ፦ ስታዲየም ከመውረድ ይልቅ ሜክሲኮ ወይም ልደታ ድረስ ዘልቆ ከዚያ የቃሊቲውን መሳፈር ቦታ ያስገኛል? ወይስ እዚያም ከፒያሳ በኩል ሞልቶ ነው የሚመጣው? ስቀይር አዲስ ትኬት መቁረጥ ግድ ነው? የትኬት ሰልፉ ረጅም ከሆነ ይህ ትልቅ ልዩነት አለው።

ባቡሩን ትቼ መገናኛ ብወርድስ፣ በቀለበት መንገዱ በቦሌ በኩል ሳሪስ አቦ የሚያደርስ ታክሲ ወይም ሃይገር አለ? ተራው በየትኛው በኩል ነው? ቀጥታ ከሌለ የት ላይ ወርዶ ሌላ መያዝ እንደሚሻል ንገሩኝ። በተለይ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በዚህ መስመር የምትመላለሱ ብትመልሱልኝ በጣም ይጠቅመኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።