ክርክር፦ በሐይቅ ዳርቻ ሎጅ ይጨመር ወይስ ይቁም?

አስተባባሪ፦ ሰላም የወሎ ቤተሰብ! የዛሬው ጥያቄ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ስላለው ሐይቃችን ነው። በመከባበር እንነጋገር።

የደሴዋ፦ ይጨመር እንጂ! ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሁድ እሁድ ሰው ይጎርፋል፤ የቆሮሶ አሣ ጥብሱን በልቶ ማታውኑ ይመለሳል። አዳሪ እንግዳ ከሌለ የሐይቅ ወጣት ምን ሠርቶ ይብላ?

አሣ አስጋሪው፦ እህቴ፣ ሥራውማ ያስፈልገናል። እኔም የምኖረው በአሣው ነው። ግን ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። ከላይ ይገባበታል፤ የሚወጣበት የለም። የሽንት ቤት ፍሳሽም በለው የማሳ ማዳበሪያ አንዴ ከገባ እዚያው ቀረ። ወላሂ፣ መረቤን ስስብ ከቆሮሶው እኩል የላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚወጣው። ፊላው ሥር ደግሞ ዳይፐር ተሰክቶ ታገኛለሽ። አሣው የሚራባው እኮ እዚያ ዳር ዳሩን ነው!
ፊሊፒንስ ውስጥ ቦራካይ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሆቴል በሆቴል ሆነች፤ ፍሳሹ ባሕር ውስጥ ይለቀቅ ጀመር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ለ6 ወር ለቱሪስት ዘጋት። ያ ሁሉ አስተናጋጅና ጀልባ ነጂ ሥራ ፈታ። ስትከፈትም የጎብኚው ቁጥር ተገደበ።

ጋሼ ከተሁለደሬ፦ ልጆቼ፣ ሁሉንም በሎጅ አታሳብቡ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር። ውኃው ሸሽቶ ዛሬ በእግር ይገባል። ለመስኖ በፓምፕ የሚሳበውን ውኃስ ማን ይለካው? ገበሬውም ይጠየቅ።

የደሴዋ፦ ልክ ነው ጋሼ። ቢሆንም መከልከል መፍትሔ አይሆንም። ማልዲቭስን እዩ። አብዛኛው ሪዞርት ለብቻው አንድ ደሴት ይይዛል፤ ውኃውንም መብራቱንም ራሱ ያመርታል። ወጪው የባለሀብቱ ነው። እኛም እንዲህ ብለን እናስገድድ።

አሣ አስጋሪው፦ አብሽሪ፣ በዚህ አንጣላም። ግን መጀመሪያ የፍሳሽ ማጣሪያው ይሠራ፤ ፈቃዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። «እየሠራን እናስተካክላለን» የሚለውን አልቀበልም። የገባውን ማን መልሶ ያወጣዋል?

ጋሼ ከተሁለደሬ፦ እኔም ከዚህ ልጅ ጋር ነኝ። ባለሀብቱ ፍሳሹን የት እንደሚያደርሰው ለቀበሌው ሕዝብ በስብሰባ ያሳይ። አስጋሪዎቹም እዚያው ተገኝተው ይጠይቁት።