ሦስት ሌሊት ሐይቅ ዳር አድሬ ኤንጂሲ 1365 እምቢ አለችኝ

ሰላም የወሎ ልጆች! ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሐይቅ ዳር ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ለማንሳት የፈለግኩት ኤንጂሲ 1365ን ነው፣ ያቺ መሃሏ ላይ እንደ አሞሌ ጨው ቀጥ ያለ የከዋክብት ዘንግ የተጋደመባት ጠምዛዛ ጋላክሲ። ካሜራዬ ተራ ዲኤስኤልአር፣ ሌንሱ 200 ሚሊ ሜትር፣ ትራከሩ (ካሜራውን ከኮከቦቹ ጋር እኩል የሚያዞረው መሣሪያ) የተዋስኩት። 30፣ 30 ሰከንድ የፈጁ 80 ፎቶዎች አንስቼ በላፕቶፕ ስደራርባቸው ብርቱካናማ ሰማይና ክር የሆኑ ኮከቦች ወጡልኝ። ጋላክሲዋ ትንሽ ብዥታ ነች። ትራከሩን የማስተካክልባትን የሰሜን ኮከብ ደግሞ ተራራው ከልሏታል። ሌንስ ልግዛ?

ጦሳ ማዶ
አብሽር ወንድሜ። ሐይቅ ያለችው ከደሴ በስተሰሜን ነው፣ ጋላክሲዋ ደግሞ ከኛ ወደ ደቡብ ነች። ሦስቱንም ሌሊት በደሴና በኮምቦልቻ መብራት አሻግረህ ነው ያነሳኸው ማለት ነው! እኔ ደሴ መብራት በጠፋ ማታ ጣሪያ ላይ ሆኜ ያነሳሁት ካንተ ይሻላል፣ አትቀየመኝ። ወደ ወረኢሉ ውጣ፣ ከተሞቹ ከጀርባህ ይሁኑ። በዚህ ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ከፍታዋ ጫፍ ይደርሳል፣ ያም ቢሆን ከ43 ዲግሪ ብዙም አያልፍም።

ባለሦስት እግር
ኮከቦቹ ክር የሆኑት ትራከሩ ስላልተስተካከለ ነው። የሰሜን ኮከብ እኛ ጋ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ነው የምትነሳው፣ ተራራ ባይከልላት ባሕር ዛፍ ይከልላታል፣ ስለዚህ እሷን መጠበቅ ተው። መጀመሪያ ትራከሩ የሚዞርበትን ዘንግ በኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙረህ 11 ዲግሪ ላይ አጋድመው። ከዚያ ከአናትህ ትንሽ ወደ ደቡብ ያለ ኮከብ በካሜራው ይዘህ ጥቂት ደቂቃ እያት፤ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ከሸሸች ዘንጉ ወደ ምሥራቅ ወይ ወደ ምዕራብ ዞሯል። ቀጥሎ ምሥራቅ ላይ ገና የወጣች ኮከብ ያዝ፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ የኦሪዮን መቀነት ይመቻል። እሷም ከሸሸች የዘንጉ ከፍታ ነው የተሳሳተው። ያሰለቻል፣ ግን ይሠራል።

ጦሳ ማዶ
ሌንሱን አሁን አትግዛ። ጋላክሲዋ ስፋቷ የጨረቃ ሲሶ ብቻ ነው፣ ርቀቷም 56 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ። በ200 ሚሊ ሜትር 160 ፒክስል ብትሆንልህ ነው፣ መሃሏ ያለውን የከዋክብት ዘንግ ለመለየት ግን ይበቃል። ያንተ 80 ፎቶ ድምሩ 40 ደቂቃ ነው። በተለያየ ሌሊት አንስተህ ድምሩን አራት ሰዓት አድርሰው። ሚያዝያ ላይ የበልጉ ደመና ካልከለከለህ ኤም 83 የምትባለውን ጋላክሲም ሞክራት፣ እሷም ዘንግ አላት፣ ደግሞ ከዚችኛዋ በጣም ደማቅ ነች።

ጠያቂው
ኧረ ጉድ! ደሴን ፊት ለፊት አድርጌ ነዋ ስንቀጠቀጥ ያደርኩት። ጨረቃ የማትኖርበት ሳምንት ወረኢሉ እወጣለሁ። መኪና ያለው አለ? ነዳጅ እንካፈላለን፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።