የኮይ (የጌጥ ዓሣ) ገንዳ በፋይበርግላስ፦ ስንት ሬዚን ይበቃል? (አዳማ)

ጥያቄ፦ ግቢ ውስጥ 3 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.2 የሆነ የብሎኬት ገንዳ አለ፤ ልስኑ አልቋል። ውስጡን በፋይበርግላስ ልሸፍነው ነው፤ ስንት ሬዚን (ሃርድነር ሲገባበት የሚጠነክር ፈሳሽ) ይበቃዋል? ፋይበርግላሱ ከልስኑ እንዳይላቀቅስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወለሉና ግድግዳው 18 ካሬ ነው። በካሬ 450 ግራም የሆነውን ማት (ሬዚን የሚጠጣው የመስታወት ክር ምንጣፍ) ሁለት ጊዜ ደርበህ ካነጠፍክ ማቱ 16 ኪሎ ገደማ፣ ሬዚኑ 40። የሚላቀቀው ልስኑ ሳይደርቅ ሲሠራበት ነው፤ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ ፕራይመር (ሬዚኑ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ቅብ)። ጥጎቹን በሲሚንቶ ክብ አድርጋቸው፤ ማት ሹል ጥግ ላይ አይተኛም፣ ከሥሩ አየር ይቀራል።

ሌላ መልስ፦ በአዳማ ሙቀት ማለዳ ብትሠራ ይሻላል። ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያጠነክረው) ለ1 ኪሎ ሬዚን 10 ግራም፤ ካበዛኸው ባልዲው ውስጥ ይደርቅብሃል። ነጭ ሆኖ የሚታይ ቦታ ሬዚን አልጠጣም ማለት ነው፣ በሮለር ተጫነው።

ጠያቂ፦ ዓሣውስ መቼ ይግባ?

መልስ፦ አትቸኩል ወንድሜ! የመጨረሻው ቅብ ሰም ያለበት ይሁን፣ አለዚያ ላዩ ሙጫ ሙጫ እንዳለ ይቀራል። ሲደርቅ ውሃ ሞልተህ ድፋ፤ ሽታው እስኪጠፋ ድገመው።