የአሜሪካ መስመሮች በባቡር ሲሙሌተር ጨዋታዎች፦ ምን ይስባል? ምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ እስካሁን የነዳሁት በአውሮፓ የመንገደኛ መስመሮች ላይ ነው። የአሜሪካን የጭነት መስመሮች የሚያወድሱ ብዙ ናቸው፤ አሰልቺ ናቸው የሚሉም አሉ። ምን ልዩ ነገር አላቸው?

መልስ 1፦ ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘውንና በ1876 የተጠናቀቀውን የቴሃቻፒ ቀለበት (ሀዲዱ ዞሮ በራሱ ላይ የሚያልፍበትን ቦታ) ከ1.2 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ባቡር ሲወጡ፣ የፊተኛው ሎኮሞቲቭ ከራሱ የኋላ ፉርጎዎች በላይ ሲያልፍ ያያሉ። ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይከብዳል፤ የአሜሪካ የጭነት ባቡር የአየር ፍሬን በጥቂት በጥቂቱ የሚላላ ሳይሆን አንዴ ሲለቁት ሙሉ በሙሉ የሚለቅ በመሆኑ፣ የአየር ማጠራቀሚያዎቹ እንደገና እስኪሞሉ ድረስ በቂ የማቆሚያ ኃይል አያገኙም። ስለዚህ ፍጥነቱን አስቀድሞ በሎኮሞቲቩ ዳይናሚክ ብሬክ (ሞተሮቹን እንደ ጄኔሬተር በማሠራት ፍጥነት በሚቀንሰው ፍሬን) መያዝ ግድ ይላል። ከዚህ የበለጠ የሚያረካ የአነዳድ ፈተና አላውቅም።

መልስ 2፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ጉድለቱም ሊነገር ይገባል። ነጠላ ሀዲድ በሆኑት መስመሮች ላይ ከፊት የሚመጣውን ባቡር ለማሳለፍ ረጅም ጊዜ ቆሞ መጠበቅ አለ፤ ይህ እንኳ እውነታውን ስለሚያሳይ ቅር አይለኝም። የሚያሳዝነኝ ፉርጎዎችን የመለየትና ለየፋብሪካው የማድረስ ሥራ፣ የጭነት ባቡር ዋና ሕይወት ሆኖ ሳለ፣ በጨዋታዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ በጥቂት ልምምዶች ብቻ መታለፉ ነው።

መልስ 3፦ ጠያቂያችን ከመንገደኛ ባቡር ስለሚመጡ፣ ቦስተንን ከዋሽንግተን በሚያገናኘው የሰሜን ምሥራቅ ኮሪደር ክፍሎች ቢጀምሩ ይቀልዎታል፤ ወደ ተራራዎቹ ከዚያ በኋላ ይሻገሩ።